በነጭ ጨርቅ የተቋጠሩ ጥርሶች

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ስናገረው አላፍርም። ወተት ስገዛ ቀኑን ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ በሩን ቆልፌ ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እነካለሁ፤ ሰው ያለ ምክንያት ሲያመሰግነኝ ምን ፈልጎ ይሆን እላለሁ። ባለቤቴ «አንቺ መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» እያለ ይቀልድብኛል። ሥራዬም አመሌን አላሻሻለውም። ኦክላንድ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፤ መድኃኒቱን ዋጥኩ ብሎ ምላሱ ስር የሚደብቀውን ሁሉ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የመታጠቢያ ገንዳችንን ሳጥብ ውሃ መውረጃው ላይ አሸዋ ሳገኝ ዝም ብዬ አላለፍኩም።

ነጭና የላመ አሸዋ ነበር። በጣቴ አንስቼ ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። የምንኖረው ሳን ሊያንድሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበታቻችን ያለው አስፋልት ብቻ ነው። በቤቱ ውስጥ አራት ነን። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ይውላል። የሰባት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤትና ከቸርች በቀር የትም አትሄድም። እኔ ራሴን አውቃለሁ። የቀሩት አማቴ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጋር ወደ አረጋውያን መዋያው፣ «ሲኒየር ሴንተር ስፖርት ልሠራ» ብለው ወጥተው ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። አሸዋ ላይ የሚያሠራ ምን ዓይነት ስፖርት ነው?

ከአማቴ ጋር ተጣልተን አናውቅም፤ ችግሩም እሱ ነበር። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። ልጃቸው ጴንጤ ላገባ ነው ብሎ በስልክ ሲነግራቸው አንድ ሳምንት አልቅሰዋል። ይህንን የነገረኝ ራሱ ባለቤቴ ነው፤ ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አብረውን ሊኖሩ ሲመጡ በጨዋነት ተቀበልኳቸው፤ ከዚያ በኋላም በጨዋነት ኖርን። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። በጾም የእሳቸውን ድስት አልነካም፤ እኔ ጮክ ብዬ ስጸልይ እሳቸው በራቸውን ቀስ አድርገው ይዘጋሉ። እንደዚህ በተከባበረ ቤት ውስጥ ሰው የልቡን አይናገርም፤ ስለዚህ እኔ በልቤ ብዙ ነገር አስብ ነበር።

ጎረቤታችን ከፊሊፒንስ የመጣች፣ ጡረታ የወጣች የሳይንስ አስተማሪ ናት። ዕድሜዋ ከአማቴ ብዙ አያንስም፤ በእንግሊዝኛ ስለምንነጋገር ግን አንቱታው አይመጣልኝም። አሮጌ ፒክአፕ ትነዳለች። እሷ አማርኛ አታውቅም፤ የአማቴ እንግሊዝኛም ከ«ሃሎ» እና ከ«ታንኪው» አያልፍም። ያም ሆኖ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሳሳቁ አገኛቸዋለሁ፤ እኔ ስደርስ ያቆማሉ። በምን ቋንቋ ምን ተባብለው እንደሚስቁ ጌታ ይወቅ።

ባለቤቴ ደግሞ የራሱ ስጋት ነበረበት። እናቱ አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳስተው ከኦክላንድ ማዶ ድረስ ሄደው ነበር፤ ከሦስት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ያገኘናቸው አንድ ሱቅ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ከዚያ ወዲህ መነጽሬን የት አደረግሁት ባሉ ቁጥር ልጃቸው ፊቱ ይለዋወጣል። «እማዬን መርሳት ጀምሯታል መሰለኝ» ይለኛል። ጉልበታቸው ኦፕራሲዮን ስለተደረገ መንበርከክም ዳገት መውጣትም ተከልክለዋል። ብቻቸውን ከቤት እንዳይወጡ ወስኖ ነበር፤ ከጎረቤታችን ጋር ስፖርት እንዲሄዱ የፈቀደውም በስንት ልመና ነው።

አሸዋውን ባገኘሁ በሳምንቱ፣ አማቴ እንደ ልማዳቸው ወጥተው፣ የአልጋ ልብስ ልቀይር ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ልጄና አያቷ አንድ ክፍል ነው የሚተኙት፤ ሁለት አልጋ አለ። የልጄን ፍራሽ በራስጌው በኩል ብድግ ሳደርግ ነጭ ጨርቅ አየሁ። ከነጠላ ጫፍ የተቀደደ ቁራጭ ነው፤ ቋጠሮ ተደርጎ በክር ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። ጫን ሳደርገው ውስጡ ጠጠር ነገር ተንቋቋ።

ፈታሁት። ስድስት ጥርሶች ነበሩ። አምስቱ ጥቁርና ግራጫ ናቸው፤ ስል፣ ሦስት ማዕዘን፣ ፊታቸው የሚያብረቀርቅ፣ አንዱማ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተጠረበ። የሰው ጥርስ አይደሉም፤ የማውቀው እንስሳ ጥርስም አይደሉም። ስድስተኛው ግን ነጭና ትንሽ ነበር፤ የልጄ ጥርስ ነው። ከስኩተር ወድቃ ጫፉን ስለሸረፈችው ከሺህ ጥርስ መሃል እለየዋለሁ። ከወር በፊት ሲወልቅ በገዛ እጄ የወጥ ቤት ቆሻሻ ውስጥ የጣልኩት ጥርስ ነው።

ለምን እንደጣልኩት ልናገር። እኛ ልጅ ሆነን ጥርሳችን ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ወርውረን አዲስ እንጠይቅ ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ትራስ ስር አድርገው ሲተኙ መንፈስ ነገር መጥታ ስጦታ ትታ ጥርሱን ትወስዳለች ይሏቸዋል፤ ልጄም ይህንኑ ከክፍሏ ተምራ መጣች። እኔ ግን በቤቴ ውስጥ ጥርስ የምትሰበስብ መንፈስ አልፈልግም አልኩና ጥርሱን ከልጣጭ ጋር ጣልኩት። ልጄ አኮረፈች። አማቴ ድንች እየላጡ ነበር፤ ቀና ብለው አይተውኝ ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

አሁን ያ ጥርስ ከማይታወቁ ጥቁር ጥርሶች ጋር ተቋጥሮ በልጄ ራስጌ ተቀምጧል። ማለት አንድ ሰው ቆሻሻ በእጁ ፈትሾ አውጥቶታል። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ በሰው ፀጉር፣ በሰው ጥፍር ምን እንደሚሠራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናቴ ማበጠሪያ ላይ የቀረ ፀጉር ደጅ ጥላ አታውቅም፤ ጠቅልላ ታቃጥለው ነበር። ጌታን ከተቀበልኩ በኋላ ይህ ሁሉ ከውስጤ የወጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልወጣም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በልቤ ያልኩትም አንድ ቃል ነው፦ መተት።

የጸሎት ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ሚልፒታስ ኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ ነው የምትሠራው።

«ፎቶ አንሺና ቴክስት አድርጊልኝ» አለች። ላክሁላት። ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ኖርማል አይደለም።»

«ምን ይመስልሻል?»

«የሚመስለኝን በስልክ አልናገርም። ብቻ ቤትሽ ውስጥ እንዳታቆዪው። ሺፍቴ አሁን ያልቃል፣ መጣሁ።»

አማቴ ሳይመለሱ ሁለታችን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄድን። ነፋስ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዓሣ እያጠመደ ነበር፤ እጃችንን አንስተን ስንጸልይ ወንበሩን ይዞ ፈንጠር አለ። ጓደኛዬ «በኢየሱስ ስም!» አለች፣ እኔም ቋጠሮውን በሙሉ ኃይሌ ወረወርኩት። ሩቅ አልሄደም፤ ድምፁም አልተሰማም። ቀለለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት አሸነፍኳቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያን ዕለት የልጄን አልጋ ወደ እኛ ክፍል አዛወርኩ። «ማታ ማታ እየተገላበጠች እንቅልፍ ትነሳዎታለች» አልኳቸው አማቴን። «እኔን? ኧረ ምንም አላለችኝ» አሉ። ፍራሹን ስጎትት በሩን ይዘው ቆመው ያዩኝ ነበር። ለልጄም አያቷ የሰጧትን ምግብ እኔ ሳላይ እንዳትበላ ነገርኳት። «ዋይ? ለምን?» አለችኝ። ተቆጣኋት።

ከዚያ አማቴ መፈለግ ጀመሩ። በመጀመሪያ ፍራሹ የነበረበትን ቦታ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን አልጋ፣ ከዚያ መሳቢያውን፣ የካፖርት ኪሶችን። እኔ ልብስ እያጠፍኩ በዓይኔ ጠርዝ እከታተላቸዋለሁ። ይኸው፣ ዕቃዋን ፈለገች እያልኩ። በልቤ አንቱታው ሁሉ ቀርቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወጥ ቤት ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ አልጋውን ስታዘዋውሪ ያየሽው ነገር አለ?»

«ምን ዓይነት ነገር እማማ?»

ፊቴን አዩት። እኔም ፊታቸውን አየሁት።

«ተይው» አሉ።

ቢናገሩት ኖሮ እኔም እናገር ነበር ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አልናገርም ነበር።

ፍለጋው ሁለት ሳምንት ቀጠለ። ፍሪጅ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን የሽሮውን ዕቃ ከፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሲከቱ ባለቤቴ ደረሰባቸው። «እማዬ ምን ጠፋብሽ?» ቢላቸው «አላውቅም» አሉት። ምን እንደሆነ ላለመናገር ነበር እንዲህ ያሉት፤ እሱ ግን ክፉኛ ደነገጠ። ሲፈራ የቆየው መጣበት። ሐኪም ጋ ደውሎ ለሜሞሪ ቴስት አፖይንትመንት ያዘ። እናቱ እምቢ ይላሉ ብሎ ሲፈራ «እሺ፣ ውሰዱኝ፤ ያስቀመጥኩትን አጣለሁ» አሉ፣ ልጃቸውን ሳይሆን እኔን እያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻቸውን ሲሆኑ ምድጃ መለኮስ አቆሙ፤ ሻይ እንኳን ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

ይህንን ሁሉ እያየሁ ምን እንዳሰብኩ ብናገር ሰው ይታዘበኛል። ትወናው በረታ ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ባለቤቴ ልጃችንን ይዞ በወጣበት፣ ተከተልኳቸው። አማቴ ፒክአፑ ውስጥ ሲገቡ ባርኔጣ አድርገዋል፤ ባርኔጣ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር። መኪናዬን አስነስቼ ሁለት መኪና አሳልፌ ከኋላቸው ገባሁ። ሲኒየር ሴንተሩን አለፉት። ፍሪዌይ ወጡ። ሚልፒታስን አለፉ፣ ሳን ሆዜንም አለፉና ወደ ሳንታ ክሩዝ የሚወስደውን የተራራ መንገድ ያዙ። የጸሎት ጓደኛዬ በስልኩ ድምፅ ማጉያ አብራኝ ነበረች።

«አሁን የት ደረስሽ?»

«ጫካ ውስጥ ገባን።»

«ኢየሱስ! ብቻሽን ከመኪና እንዳትወርጂ።»

ፒክአፑ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በኮረኮንች ገባና ጥዶች ስር ቆመ። እኔ ራቅ ብዬ አቆምኩና ወረድኩ። ከዛፎቹ ጀርባ ነጭ የአሸዋ ኮረብታ ነበር፤ ከባሕር የራቀ ተራራ ላይ ያ ሁሉ አሸዋ ምን ይሠራል አልኩ። ጠንቋይ ቤት፣ ጭስ፣ የተሰበሰበ ሰው ጠብቄ ነበር። ያየሁት ሁለት አሮጊቶች ነው። ጎረቤታችን በአካፋ አሸዋ እየዛቀች ወንፊት ላይ ታፈስሳለች። አማቴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ወንፊቱን ጭናቸው ላይ አድርገው እየነቀነቁ ይለቅማሉ። ልክ ምስር እንደሚለቅሙት፤ ጣታቸው እንደዚያ ሳይቸኩል ይሄዳል፣ ከንፈራቸው እንደዚያ ሞጥሞጥ ብሏል። አንድ ነገር አነሱ፣ በቀሚሳቸው ጠረጉት፣ ለጎረቤታችን አሳዩዋትና ሁለቱም ሳቁ።

«ምን አገኘሽ?» ትላለች ጓደኛዬ ከኪሴ።

«አሸዋ» አልኳትና ዘጋሁት።

መጀመሪያ ያየችኝ ጎረቤታችን ናት። ደስ ብሏት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ የማውቅ መስሏት ኖሯል። መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። ጥቁር፣ ስል፣ የሚያብረቀርቅ ጥርስ። የሻርክ ጥርስ ነው አለችኝ። ይህ ተራራ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የባሕር ወለል ነበር፤ ቦታው የወንድሟ ነው፣ አስተማሪ ሳለች ጀምሮ እዚህ ትለቅማለች። በዚህ ሁሉ ዓመት እንደ አማቴ ዓይኑ የሚያይ ሰው አምጥታ አታውቅም። ሌላው ሰው ግማሽ ቀን አቀርቅሮ ባዶውን ይመለሳል፤ እሳቸው በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት አገኙ። «በነጭ ጨርቅ የቋጠሩላትን ጥርሶች ልጅሽ ወደደቻቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ አማቴ ዞርኩ።

አማቴ ከባልዲው አልተነሱም።

«መጣሽ?» አሉኝ፣ ለገበያ የላኩኝ ይመስል። «ለልጄ እንዳትነግሪብኝ። ጉልበትሽ ብሎ ያስቀረኛል። አልተንበረከክሁም፣ ስትመጪ አይተሽኛል፤ ተቀምጬ ነው።»

«እማማ፣ ይሄንን ምን ያደርጉታል?»

ወንፊቱን አስቀመጡ። «ይሄ ዓሣ ጥርሱ ቢረግፍ ይተካለታል፣ ዕድሜ ልኩን። እሷ ናት በእጇ እያሳየች የነገረችኝ። ልጅቷ ደግሞ ፊት ለፊቷ ባዶ ሆኖ ትምህርት ቤት ይስቁብኛል ብላ በእጇ ሸፍና ነው የምታወራው። እዚህ ጣሪያው አራት ፎቅ ነው፣ በየት በኩል ልወርውርላት? አንቺ የጣልሽውን እኔ ከቆሻሻው አወጣሁትና ከእነዚህ ጋር ቋጠርኩት። ሲበቅልላት አምስቱን ለእሷ ልሰጣት ነበር፤ የራሷን ጥርስ ደግሞ ለአንቺ። የመጀመሪያ ጥርሷ አይደል? እናት ታስቀምጠዋለች ብዬ ነው።»

 እሳቸው አሸዋውን በእጃቸው ደልደል አደረጉት።

«ግን ጠፋኝ» አሉ። «ያስቀመጥኩበትን አውቃለሁ እላለሁ፣ እዚያ የለም። ሽሮ ውስጥ እንኳን ፈለግሁ እኮ። አውቶቡሱን የተሳሳትኩ ጊዜ ስሜ እንኳን ጠፍቶኝ ነበር፣ እንደዚያ ደንግጬ። ጥርሱ አይደለም የጠፋው፣ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ሐኪሙ ይነግረናል።»

በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ወስጄ ጣልኩት» ካልኩ «ለምን» ይላሉ፤ ለምን ካሉ ደግሞ ጠንቋይ መስለውኝ ነው ልል ነው፤ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ለልጄ ጥርስ የሚለቅሙትን ሴትዮ። አልቻልኩም። «እስኪ ልሞክር» ብዬ ወንፊቱን ተቀበልኳቸው። አንድም አላገኘሁም።

ማክሰኞ ኦክላንድ ሐኪም ጋ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ ላገናኛችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ነገርኳቸው። «ለምን? ልጄ አለች አይደል» አሉ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ቀኑን ጠየቀቻቸው፣ ወሩን ጠየቀቻቸው። ሰዓት እንዲስሉ ወረቀት ሰጠቻቸው፤ ክቡ ትንሽ ቢጣመምም ቁጥሮቹን አስተካክለው ጻፉ። ሦስት ቃላት ሰጥታቸው ቆይታ ስትጠይቃቸው ሦስቱንም መለሱ። ሁሉንም የምተረጉመው እኔ ነኝ። ከዚያ ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ፣ በቅርቡ አስቀምጠውት የጠፋባቸው ዕቃ አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

አማቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«አለ በያቸው። በገዛ እጄ ቋጥሬ፣ በልጅ ልጄ ፍራሽ ስር አድርጌ፣ የት እንዳደረስኩት የማላውቀው ነገር አለ። ሦስት ሳምንት ፈለግሁት። ምናልባትም ከነጭራሹ አላስቀመጥኩት ይሆናል፣ እንዲሁ ይመስለኝ ይሆናል። በደንብ ንገሪያቸው፣ አትደብቂልኝ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ይህንን ብተረጉም ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ከወረቀቱ ወደ ባለቤቴ፣ ከባለቤቴ ወደ ምድጃው፣ ወደ በሩ፣ ወደ ቅዳሜያቸው ይሄዳል። አማቴ ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያመኑትን ዓይናቸውንና እጃቸውን ማመን ያቆማሉ። መጀመሪያ ለሐኪሟ በእንግሊዝኛ ነገርኳት፤ የሚቀለው እሱ ስለሆነ። አልጠፋባቸውም፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው አያውቁም አልኳት። ብዕሯን አላነሳችም። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«እማማ፣ አልጠፋብዎትም። ያስቀመጡበት ቦታ ነበር። እኔ ነኝ ወስጄ ባሕር ውስጥ የጣልኩት።»

«ለምን?»

«መተት መስሎኝ።»

አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሱና መልሰው አደረጉት። 

«ቀጥሎ ምን ጠየቁ?» አሉኝ። «ጨርሺላቸው።»

ጨረስን። ሐኪሟ ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው፣ ከዓመት በኋላ ተመልሰው ይምጡ አለች። ተረጎምኩ። ስተረጉምላቸው ዓይናቸው ከእኔ ወደ ሐኪሟ ፊት ሄደ፤ ያልኩትን ከእሷ ፊት ላይ ሊያረጋግጡ ነው።

በመኪና እየተመለስን የሳን ሊያንድሮ መውጫ ላይ ደረስን። ከዚያ መስኮቱን እያዩ ጀመሩ።

«እኔም የመጣሁ ዓመት ሻይሽ ውስጥ ጸበል ጠብ አድርጌብሻለሁ። ስንት ጊዜ። ልቧን ይመልስልኝ ብዬ።»

ሳቄ መጣብኝ፣ ግን አልሳቅሁም።

«ስለዚህ መተት መሰለኝ ስላልሽኝ አልቀየምሽም» አሉ። «አልጋዋንም ስለወሰድሽብኝ አልቀየምሽም፤ እናት ነሽ፣ ፈርተሽ ነው። ግን ቅዳሜ አሸዋው ላይ ነገርኩሽ። ጥርሱ ሳይሆን እኔ ነኝ የጠፋሁት አልኩሽ። ሰምተሽ ወንፊት ተቀበልሽኝ።»

 «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «አድርጌያለሁ» አሉ፤ ማድረጋቸውንም አምናለሁ።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም ተቆጥቶኝ ሲጨርስ ተቀምጦ አለቀሰ፤ እናቱ ደህና መሆናቸው ነው ያስለቀሰው። ቅዳሜው ተፈቀደ፣ ባልዲውም ትራስ ተደረገለት። የልጄን አልጋ ወደ አያቷ ክፍል መለስኩት። ጥርሷ ባሕር ውስጥ መግባቱን ስነግራት በእንግሊዝኛ «እንግዲያው አሁን ሻርክ ጋ ነው ያለው» ብላ በጣም ተደሰተች። የጸሎት ጓደኛዬ ብቻ ናት ያላመነችው፤ «ሽፋን እንዳይሆን ብቻ» ትለኛለች እስከ ዛሬ። እኔም ብሆን ጥርስ ከጥርስ ጋር መቋጠሩ ከባዕድ አምልኮ ነጻ ነው ብዬ አልምልም። ለማንኛውም ከሁለት ወር በኋላ የልጄ ሁለቱም የፊት ጥርሶች ብቅ አሉ።

አማቴ አዲስ ቋጠሮ ሠሩ። ሰባት ጥቁር ጥርሶች፣ አንድ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የወለቀ የልጄ ጥርስ። እኔን ጠርተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ያዢው» አሉኝ። የአደራ ነገር ስለሆነ የወጥ ቤቱ የላይኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ሁለታችንም በምናውቀው ቦታ አስቀመጥኩት።

ያ ሁሉ ካለፈ ዓመት ሊሆነው ነው። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር አማቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ።

«አለ?» ይሉኛል።

«አለ እማማ።»

አይሄዱም። እኔን ተጠራጥረው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ የሚጠራጠሩት ግን ራሳቸውን ነው፤ ያንን ደግሞ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ጫማዬን ትቼ እነሳለሁ፣ መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ ቋጠሮውን አውጥቼ እጃቸው ላይ አደርገዋለሁ። በጣታቸው ይዳስሱታል፣ ይመልሱልኛል። ከዚያ በኋላ ነው ምድጃውን የሚለኩሱት።